የአሮጌ ቬስፓ ሞተር፦ ከመፍታት እስከ ማስነሳት

አሮጌ ቬስፓ የገዛ ሰው ገና በር ላይ ሳያቆማት ምክር ይዘንብበታል። «ፒስተንና ፋሻ ቀይርላት፣ ትነሳለች።» ፋሻ ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት ነው። ትነሳለች፣ ውሸት አይደለም። ትንሽ ከርማ ግን እንደገና ትነክሳለች፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቆማል ማለት ነው። አዲሱ ፒስተንም ከአሮጌው ጎን መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ምክንያቱም የነከሰ ፒስተን አብዛኛውን ጊዜ ተጎጂ ነው፤ ጥፋተኛው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ ሞተሩ ለምን እንደሞተ ሳታውቁ አትዝጉት።

የማወራው ስለ ትልቁ አካል ቬስፓ 150 ነው። በተለይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1965 እስከ 1979 ስለተሠራው 150 ሱፐር። ስፕሪንት 150ም ብዙ አይለይም። የሲሊንደሩ ስፋት 57 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞም 57 ሚሊሜትር ነው፤ ይሄ ወደ 145 ሲሲ ይሰጣል። ፒኤክስ 150 ያላችሁም ተከተሉ፣ ስፋቱ 57.8 መሆኑን ብቻ አትርሱ።

ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው። የቤንዚንና የዘይት ድብልቁ መጀመሪያ የሚገባው ሲሊንደር ውስጥ ሳይሆን ከፒስተኑ በታች፣ ኮሎው (የፒስተኑን ምልልስ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ዘንግ) የሚሽከረከርበት ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ይጨመቅና ወደ ላይ ይወጣል። በቬስፓ ደግሞ መግቢያውን የሚከፍትና የሚዘጋው ራሱ የኮሎው ጎን ነው። ያ ክፍል አየር ካስገባ ድብልቁ ይሳሳል። ቤንዚኑ ሲሳሳ ዘይቱም አብሮ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ያብጣል፣ ይነክሳል። ታሪኩ በአብዛኛው ይኸው ነው።

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት

ሞተሩ የሚነሳ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ አስነሱትና አዳምጡት። ሲሞቅ ነዳጅ ሳትሰጡት በራሱ ከጮኸና አልወርድ ካለ በቮላኖው (ኮሎው ጫፍ ላይ ባለው ከባድ መዘውር) በኩል ያለው ኦይል ሲል፣ ማለትም የዘንጉ ማሸጊያ ቀለበት፣ አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል። የካርቦራተሩ (የአየርና የቤንዚን መቀላቀያው) መቀመጫም ያው ጸባይ ያሳያል። የማያባራ ጭስ ካለና የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት በውጭ ሳይፈስ እየጎደለ ከሄደ በፍሪሲዮን (በክላች) በኩል ያለው ኦይል ሲል አልቋል፤ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ነው። ካምቢዮው የሚይዘው 250 ሚሊ ሊትር ኤስኤኢ 30 ዘይት ስለሆነ ስታፈስሱት ለኩት። አሽትቱትም፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ያው ሲል ነው፣ በሌላ አቅጣጫ።

የማቀዝቀዣውን ቆርቆሮ አንሱና ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ትንሽም ብትሆን ከተንቀሳቀሰ የኮሎው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ተሸካሚ ቀለበት) አብቅቶለታል። ስትነዱ ማርሽ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ማርሾቹን የሚይዘው መስቀል ቅርጽ ያለው ብረት ጫፎቹ ተበልተዋል።

ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከተከፈተ በኋላ ሁሉም ነገር ጥቁርና ዘይታም ነው፤ ያን ጊዜ ማስታወስ ይከብዳል።

ሞተሩን ማውረድ

እዚህ ላይ ቬስፓ ከሌሎች ሞተሮች ትቀላለች። ሞተሩና የኋላ ጎማው አንድ ላይ ናቸው። የሚይዛቸው ከፊት አንድ ረጅም ብሎንና ከኋላ የአሞርቲዛተሩ (የንዝረት መቀነሻው) ብሎን ብቻ ነው። የሁለቱን ማርሽ ሽቦ፣ የፍሪሲዮኑን፣ የኋላ ፍሬኑን፣ የነዳጁንና የቾኩን ሽቦ፣ ከዚያ የኤሌክትሪኩንና የቤንዚን ቱቦውን ትለያያላችሁ። እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስሙን ጻፉ። በስልክም ፎቶ አንሱ፣ አትቆጥቡ።

ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ነገር። የኋላ ጎማውን መሐል ዳዶ ሞተሩ ገና አካሉ ላይ እያለ ላሉት። አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ። መሬት ላይ ከወረደ በኋላ ከዚያ ዳዶ ጋር መታገል ለወገብ አይሆንም። ረጅሙ ብሎን ዝጎ አልወጣም ካለ ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሩት። ስትመቱት ዳዶውን ጫፉ ላይ መልሳችሁ ግጠሙና በላዩ ምቱ፤ ጥርሱ እንዳይበላሽ።

ቀጥሎ እጥበት ነው። ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጨርቅ ድፈኑና በነጭ ጋዝ ወይም በናፍታ በብሩሽ እጠቡት። በቤንዚን እጠቡ የሚል አይጠፋም። ግቢው ውስጥ የቡና ከሰል እየነደደ በቤንዚን የሚያጥብ ሰው አይቻለሁ፤ እናንተ አታድርጉት።

መፍታት

ከሁሉ በፊት 11 ቁጥር መፍቻ ፈልጉ። ቬስፓ ላይ አብዛኛው ዳዶ 11 ነው፣ ቀጥሎ 13። በተረፈ የፍሪሲዮኑን ጥርሳም ዳዶ የሚፈታ ልዩ መፍቻና ቮላኖውን የሚይዝ መሣሪያ ያስፈልጋል። እነዚህን ሁለቱን በካቻቪቴና በመዶሻ የሚተካ መካኒክ ካገኛችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ልዩ መፍቻውን ቶርኖ ቤት ያሠሩላችኋል፤ ቀላል ሥራ ነው።

ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ተራ በተራ እያላላችሁ አውጡ። ሲሊንደሩን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ፒስተኑ ሲወጣ ተወርውሮ ከብረቱ ጋር እንዳይጋጭ በእጅ ተቀበሉት። ፒስተኑን ከቢዬላው (ከኮሎው ጋር ከሚያገናኘው ክንድ) የሚያያይዘውን ፒን ከማውጣታችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን ክፍት በጨርቅ ድፈኑ። ፒኑን የሚይዙት የሽቦ ቀለበቶች ተስፈንጥረው የሚገቡት ሁልጊዜ እዚያ ነው።

አሁን ቁጭ በሉና ፒስተኑን እዩት። ምስክሩ እሱ ነው። በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ብቻ ከተቧጨረ ሙቀት ነው፤ የሳሳ ድብልቅ፣ ያነሰ ዘይት ወይም የአየር መግቢያ አለ ማለት ነው። ዙሪያውን በአራት ቦታ ከተቧጨረ ሲሊንደሩ ሲቦረቦር ጠብቧል፣ ወይም ሞተሩ ሳይለማመድ ተነድቷል። አናቱ ላይ ቀዳዳ ካለ ወይም ከቀለጠ እሳቱ ቀድሞ እየመጣ ነበር፣ ካልሆነም ቤንዚኑ በጣም ሳስቷል። ከላይ በአንድ ጎን ከታች በሌላው ጎን ከተፋቀ ቢዬላው ተጣሟል። ቀደም ሲል ከጻፋችሁት ወረቀት ጋር አስተያዩት። ሁለቱ ከተስማሙ ሌባው ተይዟል።

ቮላኖውን ስታወጡ በሱፐር ላይ መሐል ያለው ዳዶ ራሱ ማውጫ ነው። መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ ቀለበቱ ላይ ሲደርስ እንደገና ይጠብቃል፤ መፍታታችሁን ቀጥሉ፣ ቮላኖው ይወጣል። ከሥሩ ያለችውን ግማሽ ክብ ትንሽ ቁልፍ አትጣሉ። ፑንቲናና ቦቢናው (የእሳቱ ምንጮች) ያሉበትን ሳህን ከማንሳታችሁ በፊት ሳህኑና ሞተሩ ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር በስለት ጫሩ። ያ ጭረት ኋላ ስታስነሱ ግማሽ ቀን ያተርፍላችኋል።

ፍሪሲዮኑ ወጥቶ፣ ኪኩ (በእግር ማስነሻው) እና የማርሽ መቀየሪያው ሳጥን ተነስቶ፣ ዙሪያውን ያሉት ዳዶዎች ሲፈቱ ሞተሩ ለሁለት ይከፈላል። አልከፈት ካለ በላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ አድርጉ፣ በሙቅ አየርም አሙቁት። በሁለቱ ፊቶች መካከል ካቻቪቴ አስገብታችሁ አትፈልቅቁ። እዚያ ላይ የምትሠሩት ጭረት ነገ አየር የሚያስገባው ነው። ጥርሳሞቹ ማርሾች በተደረደሩበት ዘንግ ውስጥ ልቅ የሆኑ መርፌ መሳይ ሮለሮች አሉ። ሥሩ ሰፊ ሳህን አድርጉ፣ ቆጥራችሁም ጻፉ።

ምን ይቀየር፣ ምን ይቅር

እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው፣ የሚድነውም። የእኔ ሕግ ይኼ ነው፦ ሞተሩ አንዴ ለሁለት ከተከፈለ የኮሎው ሁለት ኩሽኔታዎች፣ ሁለቱ ኦይል ሲሎች፣ ጓርኒሲዮኖቹ (በብረቶቹ ፊቶች መካከል የሚገቡት ማሸጊያዎች) እና የፍሪሲዮኑ ቡሽ ሳህኖች ያለ ክርክር ይቀየራሉ። «ገና ደህና ነው» አይሠራም። የሲል ዋጋ ከፒስተን ጋር ሲተያይ ምንም ነው። የሚያብረቀርቅ ቮላኖና የተወለወለ ቆርቆሮ ግን ይቆየን፤ ሞተሩን አያስኬዱትም።

ቢዬላውን በጣት ይዛችሁ ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ሳቡት። ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ወደ ጎን ትንሽ መንሸራተቱ ግን ጤና ነው፤ ይሄን ሳያውቁ ደህና ኮሎ የሚጥሉ አሉ። የቬስፓ ኮሎ በፕሬሳ ተጨምቆ የተያያዘ ስለሆነ ቢዬላውን ለብቻ መቀየር ፕሬሳም ሚዛንም የሚያውቅ ባለሙያ ይጠይቃል። ያ ከሌለ ሙሉውን ኮሎ ግዙ።

ቀጥሎ የማስጠነቅቀው ብዙዎች የማያዩትን ቦታ ነው። ከካርቦራተሩ የሚመጣው ቀዳዳ የኮሎውን ጎን የሚነካበት የአሉሚኒየም ገጽ አለ። የኮሎው ጎን በእሱ ላይ በጣም ጠብቦ ነው የሚያልፈው፤ መግቢያውን የሚዘጋው ያ ጥበት ነው። ኩሽኔታ ሲሰበር ወይም ቁራጭ ብረት ሲገባ ይህ ገጽ ይቧጨራል። ጥቂት ቀጫጭን ጭረት አይገድልም። ጥፍር የሚይዘው ጥልቅ ቦይ ከሆነ ግን ድብልቁ ወደ ካርቦራተሩ ይመለሳል፣ ሞተሩም ተነስቶ ጉልበት ያጣል። በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላለሁ ብላችሁ አትንኩት፤ በፈገፈጋችሁት ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። ያገለገለ ሞተር ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው።

ሲሊንደሩ ብረት ስለሆነ ተቦርቡሮ ይድናል። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ ይለካ። ከተበላ በ0.2 ሚሊሜትር ደረጃ ከፍ ያሉ ፒስተኖች አሉ። ፒስተኑን መጀመሪያ ግዙና ይዛችሁት ሬክቲፊካ (ሲሊንደር የሚቦረቡሩበት ቤት) ሂዱ። ባለሙያው የሚቦረቡረው በእጁ የያዘውን ፒስተን ለክቶ ነው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቦ አይደለም። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚተወውን ክፍተት የፒስተኑ አምራች ይጽፈዋል፤ ባለሙያው እሱን ይከተል። የመኪና ሞተር ብቻ የለመደ ሰው አጥብቆ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ሲግል ብዙ ስለሚያብጥ ይነክሳል። ቦርቡሮ ሲጨርስ የቀዳዳዎቹን ጠርዝ ስለቱን እንዲሰብርላችሁ ንገሩት፤ አለበለዚያ ፋሻው ይያዝና ይሰበራል።

ዕቃ ፍለጋ ስትወጡ የሞተሩን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። በሱፐር ላይ ቪቢሲ1ኤም፣ በስፕሪንት ላይ ቪኤልቢ1ኤም ብሎ ይጀምራል። የመለዋወጫ ሰፈሩን ሶማሌ ተራን ስትዞሩ አሮጌውን ዕቃ ለናሙና አትርሱት። ጣሊያን ዘመድ ያለው ሰው ሲልና ፋሻ በፖስታ ቢያስመጣ ይሻለዋል፤ ቀላል ናቸው፣ ሻንጣም አይሞሉም።

መግጠም

ኩሽኔታ በመዶሻ አይገባም። አሉሚኒየሙን አሙቁ፣ ኩሽኔታውን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ወደ 100 ዲግሪ ይበቃል፤ ጠብ ያደረጋችሁት ውሃ ወዲያው ከጮኸ ደርሷል። የተጣለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለዚህ ሥራ ግሩም ነው። የሚጋገርበትን ማለቴ አይደለም፣ ቤት ውስጥ ሰላም ይሁን። ከሞቀ ኩሽኔታው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሲሎቹን ከንፈራቸውን ግራሶ ቀብታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ።

የሁለቱን ግማሽ ፊት አጽዱ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጉ። ሲሊኮን ማንቆርቆር ልማድ ሆኗል፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ይወጣና ተቆርሶ የዘይት መንገድ ይደፍናል። ስስ ቅባት በቂ ነው። ልቅ ሮለሮቹን በግራሶ አጣብቁ፣ ቁጥራቸውን ከጻፋችሁት ጋር አመሳክሩ። ግማሾቹን ስታጋጥሙ ዳዶ አጥብቃችሁ አትጎትቷቸው፤ በእጅ ካልገጠሙ የሆነ ነገር ቦታውን ስቷል። እያጠበቃችሁ ኮሎውን አዙሩ። ያለምንም ጭንቅ መዞር አለበት።

ፋሻውን ፒስተኑ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ከትታችሁ በፒስተኑ አናት ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። በጫፎቹ መካከል ከ0.2 እስከ 0.35 ሚሊሜትር ይኑር። ከጠበበ በጥሩ ሞረድ ይፋቅ። የፋሻው ጫፎች የፒስተኑ ቦይ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሚስማር ላይ ይረፉ። የፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው ያያል። የሽቦ ቀለበቶቹ አዲስ ይሁኑ።

በብዙዎቹ 150 ሞተሮች ቴስታታው ጓርኒሲዮን የለውም፣ ብረት ለብረት ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋ የመስኮት መስተዋት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግታችሁ በስምንት ቁጥር ቅርጽ አሹት፣ ዙሪያው እኩል እስኪያበራ። ዳዶዎቹን በመስቀለኛ፣ በሁለት ዙር አጥብቁ። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ መፍቻ) ካላችሁ ከ13 እስከ 18 ኒውተን ሜትር። ከሌላችሁ ተዋሱ፤ እዚህ ቦታ የእጅ ግምት ጥርስ ያበላሻል።

የአየር ፈተና

ይህን እርምጃ የሚዘልሉት ይበዛሉ፣ እኔ ግን የሙሉ ሥራውን ግማሽ ዋጋ ነው የምሰጠው። የማርሚታውን ቀዳዳ በላስቲክና በብረት ሳህን ድፈኑ። የካርቦራተሩን መቀመጫ እንዲሁ፣ ግን የጎማ ቫልቭ የተገጠመበት ሳህን አድርጉ። ካንዴላው (እሳት የሚረጨው) ይግባ። ኮሎውን መግቢያው ክፍት በሚሆንበት ቦታ አቁሙት፣ አለዚያ አየሩ ወደ ውስጥ አይገባም። በብስክሌት ፓምፕ ቀስ ብላችሁ እስከ 0.4 ባር ሙሉ። ከዚያ በላይ አትሂዱ፣ ሲሉን ታስወጡታላችሁ። መለኪያው ደቂቃዎች ቆሞ ከቆየ ደስ ይበላችሁ። ከወረደ ሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋው ቦታውን ያሳያል። ውጭ ምንም አረፋ ሳይኖር ከወረደ በፍሪሲዮን በኩል ባለው ሲል ወደ ካምቢዮው እየገባ ነው። የካምቢዮውን የአየር መተንፈሻ በሳሙና ፈትሹ።

እሳትና ቤንዚን

ሳህኑን በጫራችሁት መስመር መልሱ። የፑንቲናው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር፣ የካንዴላው 0.6። ካንዴላው አጭር ጥርስ ያለው ይሁን፣ ለምሳሌ ኤንጂኬ ቢ6ኤችኤስ። ረጅም ጥርስ ያለው ይገባል፣ ይጠብቃልም፤ ከዚያ ፒስተኑ ይመታዋል።

ቤንዚኑ ላይ ሁለት በመቶ የባለ ሁለት ምት ዘይት ይጨመራል፤ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር። «ለአዲስ ሞተር ዘይት አብዛ» የሚለውን ተዉት። ዘይት ሲበዛ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ድብልቁ ይሳሳል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። በፋብሪካው ጂክለር (ቤንዚኑን በሚመጥነው የካርቦራተሩ ቀዳዳ) ቬስፓዋ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ታጨሳለች፣ ካንዴላዋም ይጠቁራል። ስለዚህ ዋናውን ጂክለር አንድ ሁለት ቁጥር ዝቅ ማድረግ የተለመደ ነው። ትክክል ነው፣ ግን ትልቁን ጂክለር ኪሳችሁ ያዙ። አዳማ ስትወርዱ ከፍታው 1,600 ሜትር አካባቢ ነው፣ ድሬዳዋ ደግሞ ከዚያም በታች። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ በትንሹ ጂክለር ድብልቁ ይሳሳል፣ ረጅሙ መንገድና ሙቀቱ ሲጨመርበት ፒስተኑ ይከፍላል።

መጀመሪያው መንገድ

ካምቢዮው ውስጥ 250 ሚሊ ሊትር ዘይት መኖሩን አይታችሁ ኪኩን ምቱ። ከተነሳ ትንሽ አሙቁና አጥፉት። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የቴስታታውን ዳዶዎች እንደገና አጥብቁ።

ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ሙሉ ነዳጅ አትስጡ፣ በአንድ ፍጥነትም ረጅም ጊዜ አትሂዱ። ነዳጅ ሰጥ፣ ለቀቅ እያደረጋችሁ ንዱ። ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ አታስጨንቁት። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ከእንጦጦ ስትወርዱ ነዳጁን ዘግታችሁ በማርሽ ከያዛችኋት ኮሎው በፍጥነት ይዞራል፣ ቤንዚን ግን አይገባም። ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ፒስተኑ በደረቁ ይሮጣል። በየመሐሉ ፍሪሲዮን ያዙና ነዳጅ ሰጥታችሁ ልቀቁ። ፍሬናችሁም ለዚህ የሚበቃ ይሁን።

500 ኪሎ ሜትሩ ሲሞላ የካምቢዮውን ዘይት በሙቁ አፍስሱና በነጭ ጨርቅ አጣሩት። ደቃቅ ግራጫ ጭቃ የአዲስ ፍሪሲዮንና ማርሽ ትውውቅ ነው፣ አያስጨንቅም። በጣት የሚያዝ የብረት ስንጣቂ ካገኛችሁ ግን አትንዷት፤ የማርሽ ጥርስ ወይም መስቀሉ ነው፣ ሞተሩ እንደገና ይወርዳል።